የቤቱ ባለቤት ማን ነው?

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሊመረመሩ ስለሚገባቸው ነገሮች



ውድ አንባቢያን፣ ለዒድ በግ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ጥርሱን ይከፍታል፣ ወገቡን ይዳብሳል፣ ላቱን በእጁ ይመዝናል፣ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው ይዞራል። ይኸው ሰው ግን የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አውጥቶ ቤት ሊገዛ ሲነሳ የደላላ ቃልና የአንድ ካርታ ፎቶ ኮፒ ይበቃዋል። ግድግዳውን ያንኳኳል፣ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ይጠይቃል፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ያያል። ከሁሉ መቅደም የነበረበትን ጥያቄ ግን ሳይጠይቅ ያልፋል። ይኸውም፣ «የሚሸጥልኝ ሰው በእርግጥ ባለቤቱ ነውን? ከእርሱ ሌላስ በዚህ ቤት ላይ መብት ያለው ሰው አለን?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ችላ ማለት የሚያስከትለው ጉዳት በገዢው ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። እርግጥ ነው፣ ገዢው ገንዘቡን አጥቶ በፍርድ ቤት ደጃፍ ዓመታትን ይቆጥራል። በሌላ በኩል ግን አባታቸው የሞተባቸው የቲሞች፣ ባሏ ሳያማክራት ቤቷ የተሸጠባት ሚስት፣ በሰው አገር ለፍታ ገንዘብ የላከች እህት ሐቃቸው በአንድ ፊርማ ተላልፎ ያድራል። ስለሆነም የባለቤትን ማንነት መመርመር ራስን ከኪሳራ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን፣ ሳያውቁ የሌላውን ሐቅ ከመብላትም መዳን ነው። በዚህ ጽሑፍ ባለቤትነት በአገራችን ሕግ በምን እንደሚታወቅ፣ የትኛው ማስረጃ ምን ያህል ክብደት እንዳለውና ምርመራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚካሄድ በቀላል አማርኛ ለማስረዳት እንሞክራለን። ለምሳሌ እንዲመቸን በትምህርት መጻሕፍት እንደተለመደው ገዢውን ዘይድ፣ ሻጩን ዐምር ብለን እንጠራቸዋለን።

በመጀመሪያ፣ የሚሸጠው ምንድን ነው?

«ቤትና ቦታ ገዛሁ» ማለት በአገራችን የተለመደ አነጋገር ነው። ሕጉ ግን ቤቱንና ቦታውን አንድ አድርጎ አያይም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በሠራው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው፣ ሊሸጠውና ሊያወርሰውም እንደሚችል ተደንግጓል። እንግዲህ ዐምር ለዘይድ የሚሸጠው ቤቱን ነው። በቦታው የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል።

ከዚህ የሚመነጩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በከተማ ዳር ያለ ባዶ ቦታ በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ወረቀት «ተሸጠ» ቢባል ወረቀቱ የመቶ ሰው ፊርማ ቢኖረውም የመሬት ባለቤት አያደርግም። ሁለተኛው፣ ቦታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ በሊዝ የተገኘ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው። በሊዝ የተያዘ ቦታ የጊዜ ገደብ አለው፣ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳም ሊኖርበት ይችላል፣ ግንባታው ሳይጀመር ወይም ሳይጋመስ መብቱን ለማስተላለፍም ሕጉ የራሱን ሁኔታ አስቀምጧል። ስለዚህ ዘይድ ካርታውን ብቻ ሳይሆን የሊዝ ውሉንም ማየት አለበት።

በገጠር ደግሞ አርሶ አደሩ የመሬቱ ባለይዞታ እንጂ ባለቤት አይደለም። መብቱ የሚታወቀው በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በአማራ ክልል በተሰጡት ደብተሮች ላይ የባልና የሚስት ስም ከፎቶግራፋቸው ጋር አብሮ እንዲሠፍር መደረጉ፣ «መሬቱ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ የሚያሳይ ነው።

ቁልፍ፣ ደረሰኝና ካርታ ምን ያስረዳሉ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቤትን እንደ በግ ስለሚያይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ የያዘ ሰው የዕቃው ባለሀብት እንደሆነ ይገመታል ይላል። በቁጥር 1161 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ዕቃን በቅን ልቡና፣ ዋጋ ከፍሎ የተረከበ ሰውን ይጠብቀዋል። እነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች ግን ለሚንቀሳቀስ ዕቃ እንጂ ለቤት አልተጻፉም። በመሆኑም «እኔ በቅን ልቡና ነው የገዛሁት፣ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው እርሱ ነበር፣ ቁልፉንም ያስረከበኝ እርሱ ነው» የሚለው ክርክር ዘይድን አያድነውም። ቁልፍ ተከራይም ይይዛል፣ ዘመድም ይይዛል፣ ዘበኛም ይይዛል።

የግብር ደረሰኝስ? ደረሰኝ የሚያስረዳው ገንዘቡ በማን ስም እንደተከፈለ ነው። ለብዙ ዓመታት ያለማቋረጥ በአንድ ሰው ስም የተከፈለ ግብር ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ወንድም ለወንድሙ፣ ልጅ ለሞተ አባቱ፣ ተከራይም ለአከራዩ ሊከፍል ስለሚችል ብቻውን ባለቤትነትን አያረጋግጥም። የውሃና የመብራት ቢልም እንደዚሁ ነው።

ክብደት ያለው ማስረጃ ካርታው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 የአስተዳደር ክፍል ሥልጣኑ በሚፈቅድለት መሠረት የሰጠውን የማይንቀሳቀስ ንብረት የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው የንብረቱ ባለሀብት እንደሆነ ይቆጠራል ይላል። ልብ ማለት ያለብን «ይቆጠራል» የሚለውን ቃል ነው። ይህ ግምት በተቃራኒ ማስረጃ ሊፈርስ የሚችል ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1196 ካርታ የሚፈርስባቸውን ሦስት ምክንያቶች ይዘረዝራል። አንደኛው፣ ወረቀቱ ሕጉን ሳይከተል ወይም ሥልጣን በሌለው ክፍል የተሰጠ ሲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ዋጋ በሌለው ውል ወይም ድርጊት ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ ሲሆን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከሳሹ ሀብቱን ያገኘው ወረቀቱ ከተሰጠበት ቀን በኋላ ሲሆን ነው።

እነዚህን ሦስት ምክንያቶች ወደ ተግባር ስንመልሳቸው ዘይድ ሦስት ጥያቄዎችን ያገኛል። ካርታውን የሰጠው ማን ነው? ለዐምር የተሰጠው በምን መነሻ ነው፣ በግዢ ነው፣ በስጦታ ነው፣ በውርስ ነው ወይስ በምሪት? ካርታው ከተሰጠ ወዲህስ ምን ተፈጽሟል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱ የሚገኘው ዐምር በእጁ ከያዘው ወረቀት ላይ ሳይሆን በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ካለው ማህደር ውስጥ ነው። ካርታ በፎርጅድ ሊሠራ ይችላል። እውነተኛ ካርታም ቢሆን «ጠፋብኝ» ተብሎ ምትክ ከወጣለት በኋላ አሮጌው በሰው እጅ ሊቀር ይችላል። ወረቀቱ በእጅ ያለ ምስክር ቢሆን፣ ማህደሩ ደግሞ ምስክሩን የሚመረምር ዳኛ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር መጠቀስ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሰፊ ሥርዓት ቢያወጣም ይህ ክፍል ሥራ ላይ እንዳይውል ራሱ ሕጉ በቁጥር 3363 አቆይቶታል። ከተሞች የየራሳቸውን ማህደርና መዝገብ ሲይዙ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ይዞታው በቦታው ላይ ተለክቶና ተረጋግጦ መብቱ፣ ክልከላውና ኃላፊነቱ በአንድ መዝገብ ይሠፍራል። ስለዚህ ዘይድ፣ «የዚህ ሰፈር ይዞታ ተረጋግጦ ተመዝግቧል ወይስ ገና ነው?» ብሎ መጠየቅም ይገባዋል።

የ1967ቱ አዋጅ ጥላ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሀብት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አንድ መኖሪያ ቤት ነበር። ከተወረሱት ቤቶች መካከል ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው በቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር እንዲተዳደሩ ተደረገ። ይህ ከሆነ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም ጥላው ዛሬም በብዙ ግቢ ላይ አለ።

አንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ በንጉሡ ዘመን የተሰጠ፣ ማኅተሙ የማያጠራጥር ሰነድ ይገኛል። ሰነዱ እውነተኛ ነው፣ በሰነዱ የሚታወቀው መብት ግን በአዋጁ ቀርቷል። በሌላ በኩል አንድ ግቢ ውስጥ አንደኛው ክፍል የግል፣ ቀሪው የቀበሌ ቤት የሆነበት ሁኔታ አለ። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ለ30 ዓመት ቢቀመጥበት፣ አጥሩን ቢያድስና ማድ ቤት ቢጨምርበትም ተከራይ ነው። ቁልፉን በገንዘብ ለሌላ ቢያስተላልፍ የሸጠው የራሱን ንብረት አይደለም። ስለዚህ ቤቱ ከ1967 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ «ይህ ቤት በአዋጁ ጊዜ ምን ሆነ? ከመንግሥት ቤቶች ዝርዝር ውስጥስ የለም?» ብሎ በወረዳው ማረጋገጥ ግድ ይላል።

ከስሙ በስተጀርባ ያሉ ሰዎች

ካርታው የዐምር ነው እንበል። ማህደሩም ስሙን አረጋገጠ። ታዲያ ምርመራው አለቀ ማለት ነውን? አላለቀም። በአገራችን ብዙው ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ የትዳር ጓደኛ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 63 ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል ይላል። በአንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በመያዣ ለመስጠት፣ ከ3 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜም ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ፈቃዷን ያልሰጠች ሚስት፣ ወይም ያልሰጠ ባል፣ ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ እንደሚችል አንቀጽ 69 ይደነግጋል። ይህ የፌዴራሉ ሕግ ሲሆን ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።

«ዐምር ያላገባ ለመሆኑ ወረቀት አምጥቷል» ቢባልስ? በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕጉ የታወቀ ነው። በኒካሕ ብቻ ተጋብተው በክብር መዝገብ ሳይመዘገቡ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። ወረቀቱ የሚናገረው መዝገቡ ላይ የሌለ መሆኑን እንጂ ሚስት የሌለው መሆኑን አይደለም። ይህን የሚያውቁት ጎረቤቶች፣ የመስጂዱ ኢማምና የሰፈሩ እድር ናቸው።

ሁለተኛ፣ ወራሾች። ካርታው በሟች አባት ስም ሆኖ የሚሸጠው የበኩር ልጅ የሆነበት ሁኔታ በጣም የተለመደ ነው። ልጁ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህ ማስረጃ ወራሽ መሆኑን ይናገራል እንጂ ብቸኛ ባለቤት መሆኑን አይናገርም። እስቲ በስሌት እንየው። አባት ሚስት፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ትቶ ሞተ እንበል። ሌላ ወራሽ፣ ኑዛዜና ዕዳም የለም። ቤቱ የሟች የግል ንብረት ከሆነና ጉዳዩ በሸሪዓ ከታየ፣ በሱረቱ አን-ኒሳእ በተደነገገው መሠረት ለሚስት አንድ ስምንተኛ ይደርሳታል። ቀሪው ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ እጅ ሆኖ ይከፈላል። ቤቱን በ32 ብንከፍለው ለሚስት 4፣ ለወንዱ ልጅ 14፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 7 ይሆናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከታየና ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ ደግሞ ግማሹ ቀድሞውኑ የሚስት ነው። የቀረው ግማሽ ለሦስቱ ልጆች እኩል ስለሚካፈል ለወንዱ ልጅ የሚደርሰው ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሰላ «የአባቴ ቤት ነው» ብሎ የሚሸጠው ልጅ የግማሹም ባለቤት አይደለም። የጋራ ንብረት ደግሞ የሚሸጠው የሁሉም ባለድርሻዎች ስምምነት ሲገኝ ነው። ከመካከላቸው አካለ መጠን ያልደረሰ ካለም የየቲሙ ድርሻ በሞግዚት በኩል በጥንቃቄ መታየት አለበት።

በነገራችን ላይ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የውርስ፣ የስጦታና የወቅፍ ጉዳዮችን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ በዚያ ለመዳኘት ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ነው። ስለዚህ ዘይድ የወራሽነት ማስረጃውን ሲያይ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሰጠውና ስንት ሰዎች እንደተጠቀሱበት ማንበብ አለበት። ይልቁንም ያልተጠቀሰ ሰው አለ ወይ ብሎ ቤተሰቡን መጠየቅ ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ ብዙውን ጊዜ የሚረሱት ባል አግብተው ወደ ሌላ አገር የሄዱ ሴቶች ልጆች ናቸው።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ የላከው ሰው። ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ ወይም ከቤይሩት ለዓመታት በተላከ ገንዘብ የተሠራ ቤት በወንድም ወይም በአጎት ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ሕጉ በመጀመሪያ የሚያየው በካርታው ላይ ያለውን ስም ነው። ላኪዋ «ገንዘቡ የኔ ነው» ብትል የማስረዳቱ ሸክም በእርሷ ላይ ይወድቃል። የሐዋላ ደረሰኝ ገንዘብ መላኩን ያሳያል፣ ለምን ዓላማ እንደተላከ ግን አይናገርም። በመሆኑም በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ከመጀመሪያው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በተረጋገጠ ውክልና ቤቱ በራሳቸው ስም እንዲገዛና እንዲመዘገብ ቢያደርጉ ከወንድም ጋር ከመካሰስ ይድናሉ። መጻፍ አለመተማመን አይደለም። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት የታዘዘው እርስ በርስ ለሚተማመኑ ምእመናን መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ባንክና ፍርድ ቤት

ባለቤቱ ታውቆ፣ ሚስቱም ወራሾቹም ተስማምተው ቤቱ ግን ነጻ ላይሆን ይችላል። ዐምር ቤቱን አስይዞ ከባንክ ተበድሮ ከሆነ መያዣው በመዝገብ ላይ ይሠፍራል። በቤት ላይ የሚጣል መያዣ የሚጸናው ንብረቱ ባለበት ቦታ ሲመዘገብ ነው። አንዴ ከተመዘገበ ግን ቤቱ ወደ ማንም ቢዛወር ባንኩ ቤቱን ይከተለዋል። ዕዳው ካልተከፈለ የሚሸጠው የዘይድ ቤት ነው።

የኮንዶሚኒየም ቤቶችም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። በዕጣ የደረሱ ቤቶች በባንክ ብድር የሚከፈሉ በመሆናቸው ዕዳቸው መጠናቀቁን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለተወሰኑ ዓመታት እንዳይሸጡ ገደብ የተጣለባቸውም ስለነበሩ፣ ለሚገዛው ቤት ገደቡ ማለፉን ከሚመለከተው ክፍል መጠየቅ ይገባል። ገደቡን ለማምለጥ «ለጊዜው በውክልና ያዘው» የሚባለው አሠራር ገዢውን ገንዘብ ከፍሎ ባለቤት ሳይሆን እንዲቀር ያደርገዋል።

የፍርድ ቤት እግድም አለ። ዐምር በፍቺ፣ በውርስ ወይም በዕዳ ተከሶ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቤቱ እንዳይሸጥ ለመሬት አስተዳደሩ ትእዛዝ ሊጽፍ ይችላል። እግዱ በቤቱ በር ላይ አይለጠፍም፣ የሚገኘው ማህደሩ ውስጥ ነው። «ከዕዳና ከእግድ ነጻ ነው» የሚል ማረጋገጫ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ማረጋገጫ ከስድስት ወር በፊት የተጻፈ ከሆነ የሚናገረው ስለ ስድስት ወር በፊት ነው። ለውሉ በቀረበ ቀን የተሰጠ መሆን አለበት።

ሻጩ ወኪል ከሆነ

ዐምር ራሱ ቀርቶ ወኪሉ ከመጣ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚመለከት፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ከቁጥር 2203 እስከ 2205 ይደነግጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚል ቃል መኖሩን ማንበብ ያስፈልጋል። ውክልና በማንኛውም ጊዜ ሊሻር ይችላል፣ በመሠረቱም ወካዩ ሲሞት ቀሪ ይሆናል። ከሰባት ዓመት በፊት ከውጭ አገር የተላከ ውክልና ሲቀርብ ዘይድ ሊጠይቅ የሚገባው ቀላል ጥያቄ አለ፣ «ወካዩ በሕይወት አለ? ላነጋግረው እችላለሁ?» የሚል ነው። ወኪሉ ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ከሆነ መልሱ እዚያው ተገኝቷል።

የማንም ያልሆነ ንብረት

ባለቤት ፍለጋችን «ባለቤቱ ይህ ግለሰብ ነው» ወደማይባልበት ንብረትም ሊያደርሰን ይችላል። ወቅፍ የተደረገ ቤት ወይም ሱቅ በሸሪዓ በመሠረቱ አይሸጥም፣ በስጦታ አይሰጥም፣ አይወረስም። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ወቅፍ ያደረጉበት ታሪክ የዚህ ሥርዓት መሠረት ነው። ችግሩ የሚመጣው ወቅፉ በአፍ ብቻ ሲነገርና ካርታው በሰጪው ወይም በአንድ ሽማግሌ ስም ሲቀር ነው። ሽማግሌው ሲሞቱ ልጆቻቸው በካርታው ስሙን ያያሉ፣ ጀማዓው ደግሞ ወቅፉን ያስታውሳል፣ ሁለቱም በየፊናቸው እውነት ይዘው ይጣላሉ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 የሕግ ሰውነት አግኝቷልና ወቅፎች በሰነድ እንዲረጋገጡና በግለሰብ ስም እንዳይቀሩ ማድረግ የየመስጂዱ ኮሚቴ ቀዳሚ ሥራ ሊሆን ይገባል። ገዢም ቢሆን ከመስጂድ ጋር በአጥር የተያያዘ ግቢ ሲቀርብለት አዛውንቶችን ሳይጠይቅ ቀብድ አይክፈል።

በቅደም ተከተል ምን ይደረግ?

1ኛ. ዋናውን ካርታ ይዩ። ስሙን፣ ቁጥሩን፣ የቦታውን ስፋትና የተሰጠበትን ቀን በወረቀት ይጻፉ። ስሙን ከሻጩ መታወቂያ ጋር እስከ አያት ያመሳክሩ።

2ኛ. ሻጩን ይዘው ወደ መሬት አስተዳደሩ ይሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ ማህደር የሚከፈተው በባለመብቱ ጥያቄ በመሆኑ ብቻዎን ቢሄዱ ላይሳካልዎ ይችላል። አብሮ ለመሄድ የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠመዎት ግዢውን ይተዉት። የንብረቱን አመጣጥ፣ መያዣና እግድ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ይጠይቁ።

3ኛ. ቦታው ላይ ቆመው ካርታውን ከመሬቱ ጋር ያስተያዩ። በስተምሥራቅ፣ በስተምዕራብ፣ በስተሰሜንና በስተደቡብ ያሉ አዋሳኞችን በወሰኑ ላይ ክርክር እንዳለ ይጠይቁ። ማህደር የማያውቀውን ጎረቤት ያውቀዋል።

4ኛ. ስለ ቤተሰቡ ይጠይቁ። ሻጩ አግብቷል? ፈትቶ ከሆነ ንብረት ተካፍለዋል? በውርስ ያገኘው ከሆነ ወንድምና እህቶቹ የት ናቸው? መልሱን ከደላላው ሳይሆን ከእነርሱ ከራሳቸው ይስሙ።

5ኛ. ውሉን ሕጉ በሚፈቅደው ቦታ ያድርጉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት እንዲደረግ ያዛል። በአዲስ አበባ ይህ በተለምዶ ውልና ማስረጃ የምንለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ የሻጩን ባለመብትነትና ንብረቱ በመያዣ ወይም በእግድ ያልተያዘ መሆኑን ያጣራል። ቢሮ ውስጥ ወይም ካፌ ተቀምጦ የሚፈረም የመንደር ውል ይህን ሁሉ ማጣሪያ ያስቀራል።

6ኛ. ስም ሳያዛውሩ «ገዛሁ» ብለው አይቀመጡ። በቁጥር 2878 መሠረት ያልተመዘገበ ሽያጭ በሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም። ዐምር ለዘይድ ሸጦ እንደገና ለሌላ ቢሸጥና ሁለተኛው ቀድሞ ቢያስመዘግብ፣ ዘይድ የሚቀረው ቤት ሳይሆን ክስ ነው።

ስለ ቀብድም አንድ ቃል ማከል ያስፈልጋል። በቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ይህ ለብዙዎች መተማመኛ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ባለቤት ያልሆነ አታላይ እጥፉን ሊመልስ ቀርቶ ስልኩንም አያነሳም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና ምርመራው ከቀብዱ በፊት እንጂ በኋላ ሊሆን አይገባም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ ምርመራ ለማካሄድ ጥቂት ሳምንታትና መጠነኛ የትራንስፖርትና የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፣ ዛሬ ካልከፈልክ ያልፍሃል» ብሎ ያጣድፍዎት ይሆናል። ያልፍ እንደሆነ ይለፍ። ቤት ሌላ ይገኛል። የሻጭ ስም በካርታ ላይ መኖሩን ካረጋገጡ በኋላም ሚስቱን፣ እህቱንና የሟቹን ልጆች ይጠይቁ፣ ማህደሩን ያስከፍቱ፣ ከባንኩ ይጠይቁ። ሁሉም «አዎ፣ የእርሱ ነው፣ ይሽጥ» ካሉ በኋላ የከፈሉት ገንዘብ ብቻ ነው ቤቱን ለርስዎም ለልጆችዎም ሐላል አድርጎ የሚያስረክብዎት።

ወላሁ አዕለም።